የልጆቻችን ክፍል በወሬ ተዘጋ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት

ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት

ግልባጭ፦ ለወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ለወረዳችን ሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት፣ ለሳይታችን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ባለቤቶች ማኅበራት

ጉዳዩ፦ የተዘጋውን የልዩ ፍላጎት ክፍል ይመለከታል

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ከአያት ባሻገር ካሉት የኮንዶሚኒየም ሳይቶች በአንዱ የምንኖር፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ወላጆችና አሳዳጊዎች ነን። ኦቲዝም ልጅ ከሰው ጋር የሚግባባበትንና ዙሪያውን የሚረዳበትን መንገድ የሚለይ የአእምሮ ዕድገት ሁኔታ ነው። በየግላችን ላስገባነው ማመልከቻ ሁሉ ያገኘነው መልስ «ጉዳያችሁ እየታየ ነው» የሚል ብቻ ነው። ስለዚህ ጎረቤትም መንገደኛም እንዲያነበው በግልጽ ለመጻፍ ተስማማን።

በሳይታችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረው የልዩ ፍላጎት ክፍል በዚህ ዓመት መጀመሪያ ተዘግቷል። ክፍሉ ለመደበኛ ተማሪዎች ተሰጠ፤ መምህርቷ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረች፤ ለእኛ ደግሞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ተለጠፈልን። ወረቀቱ ሦስት ነገር ይላል። ልጆቻችን «ጠበኛ ባሕርይ» ስለሚያሳዩ የሌሎች ተማሪዎች ደኅንነት አሳስቧል። የመደበኛ ተማሪዎች ወላጆች «ልጆቻችን ባሕርያቸውን ይቀዱባቸዋል» ብለው አቤቱታ አቅርበዋል። የልጆቻችን ችግር ደግሞ «የጤና እንጂ የትምህርት ባለመሆኑ» ወደ ሆስፒታል ወይም መሃል ከተማ ወዳሉ ማዕከላት እንድንወስዳቸው ተመክሯል።

ሦስቱንም ነገር ቡና ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ የብሎካችን ደረጃ ላይ ስንሰማው ኖረናል። ከጎረቤት አፍ ሲወጣ አንዳንዴ እንከራከራለን፤ ሲደክመን ዝም ብለን እናልፋለን። ማኅተም ተመትቶበት ሲመጣ ግን የልጅ ወንበር ይነጥቃል። ቅሬታችን እዚህ ላይ ነው። ሕዝቡ ስለ ኦቲዝም የሚያወራውን የማጣራት ኃላፊነት ያለበት መሥሪያ ቤት፣ ሳያጣራ ወሬውን ውሳኔ አደረገው።

ከ«ጠበኛነቱ» እንጀምር። ወረቀቱ ባይገልጸውም መነሻው አንድ ድርጊት ነው። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ከልጆቻችን አንዱ፣ የ10 ዓመት ልጅ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ክንድ ነክሷል። መንከሱ እውነት ነው። የተነከሰው ልጅ አልቅሷል፣ እናቱም ተቆጥታለች፤ ማንም እናት ትቆጣለች። ከመንከሱ በፊት የሆነውን ግን የጠየቀ የለም። የትምህርት ቤቱ ደወል የመኪና ቸርኬ ነው። የተንጠለጠለው ከልዩ ፍላጎት ክፍሉ በር ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው፤ የሚመታውም በብረት ነው። ልጁ ያ ድምፅ ሲጀምር ሁለት ጆሮውን በመዳፉ ከድኖ ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ይላል፤ ድምፁ ሲያበቃ ተነስቶ ይሄዳል። በዚያን ቀን ሦስት ልጆች እየሳቁ እጁን ከጆሮው ላይ ለማላቀቅ ይታገሉት ነበር። ሁለት እጁን ሲይዙበት የቀረው አፉ ነበርና ነከሰ። መምህርቷ ይህንን ሁሉ በዕለት መዝገቧ ላይ ጽፋዋለች። መዝገቡን አምጡና እንየው ያለ ሱፐርቫይዘር ስለመኖሩ አልሰማንም።

ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሽታ ወይም ንክኪ ከሌላው ሰው በተለየ መጠን ይሰማቸዋል። አንዱ የብርድ ልብሱ ጫፍ ሲነካው ይጮኻል፤ ሌላው እሳት ቢያቃጥለው እንኳ ቶሎ አያስታውቅም። ለእኛ ተራ የሆነው የቸርኬ ድምፅ ለዚያ ልጅ ሕመም ነው፤ «ተዉኝ፣ አመመኝ» የሚልበት ቃል ደግሞ የለውም። ቸርኬውን ፈትቶ ግቢው ማዶ መስቀል ለአንድ ዘበኛ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። የተመረጠው ግን ክፍሉን መዝጋት ነው። ይህንን የምጽፈው የወላጆች ኮሚቴው ጸሐፊ በሙያዬ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና የሁለቱን ወጪ ማነጻጸር ልማዴ ነው፤ ይህኛው ስሌት አሁንም አልገባኝም።

«ይቀዱባቸዋል» የሚለውን በአጭሩ እንለፈው። ኦቲዝም አይተላለፍም፣ አብሮ በመቀመጥም አይለመድም። የሚጀምረው ልጁ ከመወለዱ በፊት፣ አእምሮ በሚሠራበት ጊዜ ነው፤ በዘር የሚወረሰው ነገር ትልቅ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1943 ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም ሁኔታውን ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር ከጻፈ በኋላ ለረጅም ዓመታት ፈረንጆቹም በእናት ያሳብቡ ነበር፤ «ቀዝቃዛ እናት፣ ልጇን የማታቅፍ» እየተባለች። እ.ኤ.አ. በ1977 እንግሊዝ አገር በመንትዮች ላይ የተሠራ ጥናት ነገሩ በዘር እንደሚሄድ ካሳየ ወዲህ ያ አባባል እየከሰመ መጣ። እኛ ሰፈር ግን እናት አሁንም ተከሳሽ ናት። «አሞላቅቃው ነው»፣ «ስልክ ሰጥታው ነው»፣ «በእርግዝናዋ ጊዜ ምን አይታ ይሆን?»፣ ባስ ሲል ደግሞ «የማን እንባ ይሆን?» ትባላለች። አንዲት እናታችን ይህንን ከአማቷ አፍ ሰምታ እስከ ዛሬ የባሏ ቤተሰብ ድግስ ላይ አትገኝም። በኮሚቴያችን ስብሰባ የምንገኝ አባቶች በጣት የምንቆጠር መሆናችንም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል፤ ጥፋቱ የእሷ ነው ከተባለ ሸክሙም የእሷ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ኦቲዝም ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆችን የሚንከባከቡ 102 ሰዎች ተጠይቀው ነበር። 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራቱ ከአንድ የሚበልጡት ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናገሩ። እነዚህ እንግዲህ ልጃቸውን ይዘው ክሊኒክ ድረስ የመጡት ናቸው። በር ዘግተው የተቀመጡትን እናንተው ገምቱ። በሳይታችን ቢያንስ አንድ ቤት ውስጥ ልጅ መኖሩን ጎረቤት ያወቀው ቧንቧ የሚጠግን ሰው ገብቶ ስላየው ነው።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልምጣ፤ «የጤና እንጂ የትምህርት አይደለም» ወደሚለው። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። በደም ምርመራ ወይም በራጅ የሚታይ ነገርም የለም፤ ባለሙያ ልጁን ተመልክቶ፣ ወላጅን ጠይቆ፣ የመስማት ችግር አለመሆኑን አጣርቶ ነው የሚለየው። የሚጥል በሽታ ወይም የእንቅልፍ ችግር አብሮ ካለ ሆስፒታሉ ያንን ያክማል። ከዚያ በኋላ የሚሰጠን ወረቀት መጨረሻው ላይ «የንግግር ሕክምናና ልዩ ፍላጎት ትምህርት» ይላል። ሆስፒታል ወደ ትምህርት ቤት ይልከናል፣ ትምህርት ቤት ወደ ሆስፒታል ይመልሰናል።

ክፍሉ ምን ይሠራ እንደነበር መጥቶ ያየ ኃላፊ ስለሌለ እንንገራችሁ። መምህርቷ ከፓስታ ካርቶን በቆረጠችው ረጅም ቁራጭ ላይ ፎቶዎች በተርታ ለጥፋ በእያንዳንዱ ልጅ ፊት ሰቅላ ነበር፤ የቦርሳ መስቀያው፣ ደብተር፣ የውሃ ቧንቧው፣ ምሳ ዕቃ፣ ኳስ፣ መጨረሻ ላይ የግቢው በር። አንዱ ሥራ ሲያልቅ ልጁ ፎቶውን ነቅሎ ከታች ባለው ፖስታ ውስጥ ይከተዋል። ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቃቸው ብቻ ጩኸቱን በብዙ ቀነሰው። ከአፏ ቃል ወጥቶ የማያውቅ አንዲት የ11 ዓመት ልጃችን፣ ሲጠማት ግንባሯን ከግድግዳ ጋር ታጋጭ ነበር። በሁለተኛው ሴሚስተር የቧንቧውን ፎቶ ነቅላ ለመምህርቷ ሰጠቻት፤ ከዚያ ለእናቷም። እናቷ አሁን ያንን ፎቶ ላሚኔት አስደርጋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች፤ ልጅቷም ስትፈልግ ታመጣዋለች። ይህ ትምህርት ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ምን ዓይነት መርፌስ ይህንን ያመጣል?

«መሃል ከተማ ውሰዷቸው» የሚለው ምክር ላይ ትንሽ ልቆይ። ጽፎ የለጠፈው ሰው ከእኛ ሳይት እስከ መገናኛ በጠዋት ታክሲ ተሳፍሮ የሚያውቅ አይመስለኝም። መጀመሪያ ሰልፍ አለ፤ ሰልፉ ብሎኩን ዞሮ ይሄዳል። ቆሞ መጠበቅ የማይችል ልጅ ይዞ እዚያ መቆም ማለት ልጁ ሲጮኽ፣ ራሱን ሲመታ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያይ ማለት ነው። አንዱ «ጸበል ውሰጂው» ይላል፣ አንዱ «ቆንጥጠሽ አሳድጊው» ይላል፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ፊቷን ታዞራለች። ተራ ደርሶ ሲገባ ረዳቱ «እናት፣ ሌላ ታክሲ ጠብቂ፣ ተሳፋሪ ይረበሻል» ብሎ ያወርዳል። ሁለት ወንበር ከፍለን የምንሄድ አለን። ኮንትራት የምንይዝ አለን፤ ያ ደግሞ የአንድ ቀን ጉዞ የሳምንት አስቤዛ ይበላል። አንዳንዶቻችን ሥራ ለቀናል። ብዙዎቻችን ከመሃል ከተማ በልማት ተነስተን ወይም ዕጣ ደርሶን ወደዚህ ዳር የመጣን ነን፤ ቤቱ ሲሰጠን አገልግሎቱ ይከተላችኋል ተብለናል።

መሃል ከተማ ያሉት ማዕከላትስ? እ.ኤ.አ. በ2002 ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በራሷ ልጅ ምክንያት የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። እሷ በ2013 ዓ.ም. ብታርፍም ማዕከሉ ለብዙ ቤተሰብ ደርሷል። ነህምያ የተባለው የኦቲዝም ማዕከልም በወላጆች ጥረት የቆመ ነው። ሁለቱም ከአቅማቸው በላይ ተሸክመዋል፣ ተራ የሚጠብቀው ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2021 ባወጣው ግምት ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት። በሳይታችን ስንት ሺህ ሰው እንደሚኖር እናንተ ታውቃላችሁ፤ ማካፈሉም አይከብዳችሁም። ይህንን ሁሉ ልጅ በበጎ ፈቃድ ለቆሙ ሁለትና ሦስት ማዕከላት መላክ ዕቅድ አይባልም።

የግል ትምህርት ቤቶችን የሞከሩም አሉን። ልጁን የሚከታተል ረዳት በራሳችሁ ቅጠሩ ይባላሉ፤ ወይም ለፈተና ገብቶ «ቦታ ሞልቷል» ይባላል። ስለ እነርሱ ሌላ ጊዜ እንጽፋለን።

ለወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት የምንለው አለን። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ ልጃቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላው አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ አውቀው ነበር። ስሙን ሲጠሩት አይዞርም። በጣቱ ጠቁሞ «ያቻት ወፍ» አይልም። የመኪና አሻንጉሊት ሲሰጠው ገልብጦ ጎማውን ብቻ ሲያሽከረክር ይውላል። ያወጣቸው ጥቂት ቃላት ጠፍተው ዝም ያለም አለ። ጤና ተቋም ሄደን የተነገረን «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ አባቱም እንዲህ ነበር ይሆናል» የሚል ነው። እንዲህ እየተባለ ሦስት ዓመት የባከነበት ልጅ አለን፤ ሪፈር የተጻፈለት አምስት ዓመት ሞልቶት ነው። ድጋፉ ቶሎ ሲጀመር የበለጠ እንደሚጠቅም የሚታወቅ ነገር ነው። ሴቶቹማ ጭራሽ አይጠረጠሩም። ዝም ብላ ጥግ የምትቀመጥ ልጅ «ጨዋ፣ አይን አፋር» ተብላ ትመሰገናለች። ከልጆቻችን አንዷ እስከ ዘጠኝ ዓመቷ መስማት የተሳናት ናት ተብላ ነበር የኖረችው፤ ጆሮዋ ግን ከሁላችንም በላይ ይሰማል።

ክትባትን በተመለከተ ዝም ካላችሁ ችግሩ ከእኛ ቤት አልፎ ይሄዳል። በሳይታችን «የነእገሌ ልጅ በኩፍኝ ክትባት ነው እንዲህ የሆነው» ብላ ልጇን ሁለተኛውን ክትባት ያላስወጋች እናት እናውቃለን። ወሬው የመጣው ከሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ ላንሴት በተባለ መጽሔት አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 መጽሔቱ ጽሑፉን ሰረዘው፤ ሰውየውም በዚያው ዓመት ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች በርካታ ልጆች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ግንኙነት አላገኙም። በእኛ አገር ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ15 ወሩ ነው። የኦቲዝም ምልክትም ለዓይን ጎልቶ መታየት የሚጀምረው በዚያው አካባቢ ነው። ሁለቱ በጊዜ ስለሚገጣጠሙ እናት ብታያይዛቸው አይገርምም፤ አለመያያዛቸውን የሚነግራት ሰው ግን ቤቷ ድረስ የምትሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መሆን ነበረባት። ኩፍኝ ልጅ ይገድላል።

ጸበልን እንነካካለን ብላችሁ አትስጉ። አብዛኞቻችን ሄደናል፣ ዛሬም የምንሄድ አለን፤ ሙስሊሞቹም ቁርኣን አስነብበዋል። ጸሎት ለእናትም ለአባትም ብርታት ነው፣ ማንም እንዲተወው አንጠይቅም። የምንቃወመው ልጅን በሰንሰለት ማሰርን፣ በዱላ መምታትን፣ «ሰይጣኑ ነው የሚጮኸው» እየተባለ እንቅልፍ መከልከልን ነው። የሃይማኖት አባቶቻችንን ቀርበን ስናነጋግራቸው ከብዙ መሥሪያ ቤት ይልቅ እነርሱ ሰምተውናል፤ አንድ ቄስ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስተምረውልናል። ስለዚህ «ኅብረተሰቡ ኋላ ቀር ስለሆነ ነው» የሚለው ሰበብ ከእናንተ አፍ ሲወጣ ደስ አይለንም።

ለሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ያለን አንድ ጉዳይ ነው፣ ግን ከሁሉም የከበደ። ባለፈው ክረምት የ14 ዓመት ልጃችን ከቤት ወጥቶ ጠፋ። ውሃ ይወዳል። ሌላ ብሎክ ምድር ቤት ገብቶ ቧንቧ ከፍቶ ሲጫወት ጥበቃዎች ደረሱበት። «ስምህ ማነው?» አሉት። «ስምህ ማነው?» አላቸው። «የት ነው የምትኖረው?» አሉት። «የት ነው የምትኖረው?» አላቸው። የሚሾፍባቸው መሰላቸውና በዱላ መቱት፤ ሌባ ብለው አስረውት አደረ። የተባለውን መልሶ መድገም ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ያንን ለጥበቃዎቹ የነገራቸው ማንም የለም። ልጁ እጁ ተሰብሮ ተገኘ። እኛ ግን ያን ሌሊት በባትሪ ስንፈልገው የነበረው ሌላ ቦታ ነው፦ ከሳይቱ ጀርባ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ የሚያቁሩት የተተዉ የድንጋይ ካባዎች ውስጥ። አጥር የላቸውም፣ ምልክትም የላቸውም። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከቤት ወጥተው መጥፋታቸው፣ ውሃም መሳባቸው በየአገሩ የታወቀ አደጋ ነው። ካባዎቹ ለማንኛውም ልጅ አደጋ ናቸው።

የጋራ ቤት ማኅበራትን በተመለከተ፦ ልጅ ሌሊት ስለጮኸ ቅጣት ክፈሉ የሚል ደብዳቤ የደረሳቸው ቤተሰቦች አሉ። አከራይ ውጡ ያላቸውም አሉ። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ወላጆች ለመስኮት ብረት ፍርግርግ ሲጠይቁ «የሕንፃውን ገጽታ ያበላሻል» ተብለዋል። ጩኸቱ እንደሚያስቸግር እናውቃለን፣ እኛም አንተኛም። ማታ በር አንኳክቶ «ምን ላግዛችሁ?» ያለ ጎረቤትም አለን፤ ለእርሱ የምንከፍለው የለንም።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ልመለስ። መጋቢት 24 የዓለም የኦቲዝም ቀን ነው። ባለፈው ዓመት በዚያ ሰሞን ከጽሕፈት ቤቱ ሰዎች መጥተው ሰማያዊ ቲሸርት አድለው፣ ከልጆቻችን ጋር ፎቶ ተነስተው፣ ኬክ ቆርሰው ሄደዋል። በማይክሮፎን የተጮኸውን ድምፅ መቋቋም አቅቶት ዴስክ ሥር የገባውን ልጅ ጎትተው ለፎቶ አውጥተውታል። ያው ክፍል በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ተዘጋ። ፎቶው ግን ዛሬም የጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል፤ ማመልከቻ ልናስገባ ስንመጣ አይተነዋል።

የጠየቅነው ችሮታ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት የአካልና የአእምሮ ጉዳት ላለባቸው ዜጎች አቅም በፈቀደ እንክብካቤ እንደሚያደርግ ተጽፏል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 ደግሞ ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው የትምህርት ሥርዓት እንዳይገለል ያዛል። የትምህርት ሚኒስቴርም የአካቶ ትምህርት ስትራቴጂ አለው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከእነዚህ አንዱንም አይጠቅስም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ክፍሉ ከሁለተኛው ሴሚስተር በፊት እንዲከፈት፣ መምህርቷም እንድትመለስ፤ እሷ የማትመለስ ከሆነ በልዩ ፍላጎት የሠለጠነ መምህርና አንድ ረዳት እንዲመደብ። ልጆቻችን ሙሉ ቀን ተለይተው ይቀመጡ አላልንም። የሚችሉት በመደበኛ ክፍል ከእኩዮቻቸው ጋር የሚማሩበት ሰዓት ይኑር፤ የሥዕልና የስፖርት ክፍለ ጊዜ ለመጀመር አይከብድም።

ሁለተኛ፣ ቸርኬው ከዚያ በር ይነሳ። ይህ በጀት አይፈልግም፣ ነገ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ አቤቱታ ካቀረቡት ወላጆች ጋር በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ፊት ለፊት እንድንነጋገር መድረክ ይዘጋጅልን። አልተቀየምናቸውም፤ የሰሙትን ነው ያሉት። የተነከሰው ልጅ እናትም እንድትገኝ እንፈልጋለን።

አራተኛ፣ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹንና በጤና ጣቢያ ሕፃናት የሚያዩትን ነርሶች ስለ ኦቲዝም የመጀመሪያ ምልክቶች ያሠልጥን። ለክትባት በ15 ወሩ የመጣ ልጅ ሁሉ «ስሙን ሲጠሩት ይዞራል? ይጠቁማል?» ተብሎ ይጠየቅ፤ የተጠረጠረው ሳይውል ሳያድር ሪፈር ይጻፍለት።

አምስተኛ፣ የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤቱ ጥበቃዎችንና ደንብ አስከባሪዎችን በዚህ ጉዳይ ያስተምር። የልጆቻችንን ፎቶ፣ የወላጅን ስልክና ልጁ የሚረጋጋበትን ነገር የያዘ መዝገብ እኛ አዘጋጅተን እንሰጣለን፤ በየተራው ላለ ጥበቃ እንዲደርስ ይሁን። ካባዎቹ ከመጪው ክረምት በፊት ይታጠሩ ወይም ይደፈኑ። የተመታውን ልጅ ጉዳይም የሚመለከተው አካል አጣርቶ ለቤተሰቡ በጽሑፍ ያሳውቅ።

ስድስተኛ፣ የባለቤቶች ማኅበራቱ የቅጣት ደብዳቤዎቹን ያንሱ፣ የመስኮት ፍርግርግ ጥያቄውንም ይፍቀዱ።

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያለው ወረቀት በጽሑፍ እንዲሻርና መሻሩም እዚያው ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ እንፈልጋለን፤ የመጀመሪያውን ያነበበ ሁሉ ሁለተኛውንም ያንብበው። መልሳችሁን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ካልመጣ ቅሬታችንን ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እናቀርባለን፤ የሰነዶቹ ቅጂ ተዘጋጅቷል።

ከሰላምታ ጋር፣

በሳይቱ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ኮሚቴ ስም
የኮሚቴው ጸሐፊ